ያልታሰረው ሰንጢ

የሰፈሩን ቢላና ሰንጢ ሁሉ የሚስለው ሽማግሌ ስለት አውጪ እንደ ወትሮው መሳያው ጠረጴዛ ላይ አቀርቅሮ ነበር፤ ልዩነቱ፣ ዛሬ ጠዋት ቀና የማይል መሆኑ ነው። ደረቱ ላይ እጀታው የቀንድ የሆነ ሰንጢ እስከ ሥሩ ገብቷል።

መርማሪዋ የሥራ ቤቱን በር ሳትሻገር ሃምሳ አለቃው ምርመራውን ጨርሶ ጠበቃት።

«አለቃ፣ ይሄማ ያለቀለት ነው! ሰንጢው የጎረቤቱ የጫማ ሰፊው ነው። ትናንት ከሰዓት መጥቶ ‹አበላሸህብኝ› ብሎ መንገዱን በጩኸት አናውጦት ሄዷል። ይኸው አስሬዋለሁ።»

«ካለቀለት እኔን ለምን ጠራኸኝ?»

«ለፊርማ ነዋ!»

መሥሪያ ቤት ውስጥ «መርፌ» ነው የሚሏት። ቀጭን ስለሆነች ብቻ አይምሰላችሁ፤ አንድ ቦታ ከገባች ክሩን ሳትይዝ አትወጣም። ደግሞ ይህን ቤት ታውቀዋለች። ቦርሳዋ ውስጥ ያለችው ትንሽ ሰንጢ የተሳለችው እዚሁ ነው። ብርቱካን ስትልጥባት ባልደረቦቿ ይቀኑባታል፤ እሷም ሁሌ «የሽማግሌው እጅ ይባረክ» ትላለች። አሁን ያ እጅ ጠረጴዛው ላይ ተዘርግቷል።

ፎቶው ከተነሳና የደሙ ናሙና ከተወሰደ በኋላ ሰንጢውን በጨርቅ ይዛ አወጣችው። ስለቱን ጠረገችና ወደ መስኮቱ ብርሃን አስጠጋችው። አንዱ ጎኑ እንደ መስታወት ፊት ያሳያል። ሌላው ጎኑ ገና ሻካራ ነው፤ ድንጋዩ የተወበት ቀጫጭን ጭረት ሁሉ ወደ ግራ ያዘነብላል። ወረቀት አስነካችው። ወረቀቱ ድምፅ እንኳ ሳያሰማ ለሁለት ሆነ።

«ይሄ ነው የተበላሸው ሰንጢ?» አለች።

ሃምሳ አለቃው ጆሮውን አከከ።

ዙሪያዋን ቃኘች። መሳያው ድንጋይ ታጥቦ ግድግዳ ተደግፎ ቆሟል። ስለት ማለስለሻው ቆዳ ከጠረጴዛው በስተግራ ባለ ምስማር ላይ ተሰቅሏል። መደርደሪያው ላይ የተጠናቀቁት ሰንጢዎች ታጥፈው፣ በቀይ ክር ታስረው ተደርድረዋል። ሽማግሌው አጠገብ የቀዘቀዘ ሻይ አለ፤ ብርጭቆው ውስጥ ግን ልጆች ለስላሳ የሚጠጡበት የፕላስቲክ መምጠጫ ቆሟል። ሻይ በመምጠጫ!

መጀመሪያ የሟቹን ወንድ ልጅ አነጋገረች። ሸሚዙ የተተኮሰ፣ ጥፍሩ የጠራ፣ ፊት ለፊት ቆሞ ደንበኛ የሚቀበለው እሱ ነው።

«ትናንት አመሻሽ ላይ የት ነበርክ?»

«ሳሎን ኳስ እያየሁ። ድምፁን ከፍ አድርጌው ነበር፣ ምንም አልሰማሁም። እህቴ ራሷን አሟት በጊዜ ተኛች። አባዬ ሲስል በሩን ዘግቶ ነው፤ ማንም አይገባበትም። የቤቱ ሕግ ነው። እኔም ማምሸቱን ስለለመድኩት ተኛሁ፤ ጠዋት ልከፍት ስመጣ ነው…»

«ድንጋዩን ማን ያጥበዋል?»

«የሳለው ሰው። ድንጋይ ሳይታጠብ ካደረ አባዬ ቤቱን ነው የሚገለብጠው።»

«ቆዳውስ ሁሌ እዚያ ነው የሚሰቀለው?»

«እኔ እስከማውቀው ሁሌ እዚያው ነው።»

«ክሩስ?»

«አባዬ ሰንጢ ክፍቱን አያስረክብም፣ ጠረጴዛም ላይ አያሳድርም። ተስሎ እንዳለቀ ይታጠፋል፣ ይታሰራል። የሚፈታው ባለቤቱ ብቻ ነው። የምታስረው እህቴ ናት። እሷ ከማሰር ሌላ ምን ትችላለች ብለው ነው!» አለና ፈገግ አለ፤ ኀዘን ላይ መሆኑ ትዝ ሲለው ፈገግታውን ዋጠ።

«ከጫማ ሰፊው ሌላ ቅር ያለው ደንበኛ ነበር?»

«ኧረ ይተዉኝ! ባለፈው ሳምንት እህቴ አክስታችንን ልታስታምም ሄዳ ነበር። ያኔ የተሳለው ሁሉ ደነዘዘ ብለው ደንበኞቹ ሲንጫጩ ሰነበቱ። አባዬ ነገረኛ ቢመስልም እሷ ስትለየው ይከፋው ነበር መሰለኝ፣ ሥራው ሁሉ ያስጠላዋል።»

መርፌ ማስታወሻዋ ላይ ጻፈችው። አንዳንድ ሰው እውነቱን አፉ ውስጥ ይዞ ሳያላምጠው ይተፋዋል።

ጫማ ሰፊው ግቢው ውስጥ በካቴና ታስሮ ድንጋይ ላይ ተቀምጧል።

«አባባ፣ ምን ሆነው ነው የጮሁት?»

«ሰንጢዬን መጋዝ አድርጎ መለሰልኛ! ቆዳ ልቆርጥ ስል ዘነጣጠለው። ንድድ አለኝ። አምጥቼ ወረወርኩለትና ‹ደግመህ ሳለው!› አልኩት። ግን ልጄ፣ አንቺስ ፍረጂ፣ ሰው ሊገድል ያሰበ መግደያውን ለሟቹ ትቶ ይሄዳል?»

«የሟቹን እጅ አይተውት ያውቃሉ?»

ሰውየው አንገቱን ደፋ።

«ጓደኛዬ ነበር» አለ። «የጫማውን ማሰሪያ አውጥቼ ላስቲክ ያደረግኩለት እኔ ነኝ። ማሰር አቅቶት ነበር፣ እጁ እንደ ቅጠል ነው የሚርገፈገፈው። ‹ለማንም እንዳትተነፍስ› አለኝ። ይኸው አልተነፈስኩም። ከዚያ ደግሞ ሰው ፊት ‹እጅህ ተበላሸ› ብዬ ጮህኩበት። የመጨረሻ ቃሌ እሱ ሆነ።» ካቴናው ይዞት እንባውን መጥረግ ስላልቻለ እንዲሁ ለቀቀው።

ሴት ልጁ ማድ ቤት ለለቀስተኛ ድንች ትልጣለች። ቢላው ግራ እጇ ላይ ነው። ልጣጩ ሳይበጠስ እንደ ጥብጣብ እየተጠቀለለ ይወርዳል፤ ከስስነቱ የተነሳ ብርሃን ያሳልፋል። ቀኝ አውራ ጣቷ በቀጫጭን ጠባሳ ተሸንትሯል።

«ጣትሽ ምን ሆኖ ነው?»

«የማድ ቤት ሥራ ነው እትዬ።»

«ትናንት ሥራ ቤቱ ገብተሽ ነበር?»

«አልገባሁም። አሞኝ ተኛሁ።»

«ክሩን የምታስሪው አንቺ ነሽ አሉ።»

«ከማሰር ሌላ ምን እችላለሁ?»

ወንድሟ ያለውን ነው ያለችው። እሷ ግን ፈገግ አላለችም።

ከሰዓት በኋላ መርፌ ሁሉንም ሥራ ቤቱ ውስጥ ሰበሰበቻቸው። አስከሬኑ ተነስቷል፤ ወንበሩ ባዶ ነው፤ ማንም ሊቀመጥበት አልደፈረም። ለወንድ ልጁ አንድ የማድ ቤት ቢላ ሰጠችው።

«እስቲ ሳልልኝ።»

«አሁን?»

«አሁን።»

ድንጋዩን አስተኛና ቢላውን በደረቁ ፋቀበት። ድምፁ ጥርስ ያጠርሳል። ጫማ ሰፊው ሳያስበው «ውሃ! ውሃ አድርግበት እንጂ አንተ ልጅ!» ብሎ ጮኸ።

«ይበቃል» አለች መርፌ። «አሁን ስሙኝ። ይህ ሰንጢ ትናንት ከሰዓት ዶማ ነበር፤ መንገዱ ሁሉ ሰምቷል። ዛሬ ወረቀት ይሰነጥቃል። ስለዚህ ከጩኸቱ በኋላ ተስሏል። ሊገድል የመጣ ጫማ ሰፊ ቁጭ ብሎ ሰንጢ አይስልም፣ ከገደለ በኋላም ድንጋይ አጥቦ አያቆምም።»

«እሱስ ልክ ነው» አለ ሃምሳ አለቃው።

«ደግሞ አላለቀም ነበር። ቆዳው ላይ የለሰለሰው አንድ ጎኑ ብቻ ነው፣ ክርም አልታሰረም። በዚህ ቤት ሰንጢ ክፍቱን የሚሆነው ሰው እጅ ላይ ሳለ ብቻ ነው። ሲስል የነበረው ሰው ነው የወጋው።»

«ሲስል የነበረውማ አባዬ ነው!»

«አባትህ ሻይ በመምጠጫ ነበር የሚጠጣው። የጫማውን ማሰሪያ ማሰር አይችልም። አንተም ስትስል አየንህ። ቆዳው የተሰቀለው በግራ ነው፣ የጭረቱ ዝንባሌም ወደ ግራ ነው፤ ይህ የግራኝ ሥራ ነው።» ቦርሳዋን ከፍታ የራሷን ሰንጢ አወጣች። «አምና እዚሁ ያሳልኩት ነው። በአጉሊ መነጽር አየሁት፤ ያው እጅ ነው። የሽማግሌውን እጅ ስመርቅ ኖሬ፣ ምርቃቱ ለካ በተሳሳተ አድራሻ ነው ሲሄድ የነበረው። እህትህ ሳምንት ስትጠፋ ሰንጢው ሁሉ የደነዘዘው በኀዘን አልነበረም።»

ዓይን ሁሉ ወደ ልጅቷ ዞረ።

«ውሸት ነው!» ወንድምየው ጠረጴዛውን መታ። «እጁ ተንቀጠቀጠ አልተንቀጠቀጠ፣ ይህን ስለት በዚህ ከተማ ከአባዬ በቀር የሚያወጣ አልተፈጠረም! ሲስል ጫማ ሰፊው ተመልሶ ገብቶ ነጥቆ ወግቶታል። ድንጋዩን አባዬ ቀድሞ አጥቦት ነበር። በቃ!»

ሃምሳ አለቃው ራሱን ነቀነቀ። «ይሄም ያስኬዳል አለቃ።»

ያስኬዳል። መርፌ ታውቀዋለች። ጭረት ፍርድ ቤት ቆሞ አይመሰክርም፤ ካቴናው ደግሞ ያለው ጫማ ሰፊው እጅ ላይ ነው። ልጅቷ ለማምለጥ ማድረግ ያለባት አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ እስከ ዛሬ እንዳደረገችው ዝም ማለት።

«እህቴ፣ ንገሪያቸው እንጂ! የሳለው አባዬ ነው በያቸው!»

ልጅቷ እጇን ቀሚሷ ላይ ጠረገች። ወደ ሰንጢው ቀርባ አጎነበሰች፤ ስለቱን ከጫፍ እስከ ሥር በዓይኗ ሄደችበት።

«ይሄን?» አለች። «ይሄን ስለት አባዬ ነው ያወጣው?»

«አዎ በያ!»

«እኔ ነኝ።»

ቀና ብላ ወንድሟን አየች።

«እጁ ከታመመ ጀምሮ በሩን ዘግተን የምስለው እኔ ነኝ። እሱ ወንበሩ ላይ ተቀምጦ ያያል። ወጥቶ ምስጋናውን ይቀበላል። ትናንት ቆዳው ላይ እየጎተትኩ ሳለሁ፣ ‹ከነገ ጀምሮ ቤቱ የወንድምሽ ነው፣ አንቺ ከኋላ ሆነሽ ታግዢዋለሽ› አለኝ። እሺ አልኩት ወንድም ጋሼ፣ እውነቴን ነው፣ እሺ አልኩት። ግን አንዴ፣ ለአንድ ሰው እንኳ፣ ‹እሷ ናት የሳለችው› በልልኝ አልኩት። ሳቀ። ‹እጅሽን ያስተማርኩት እኔ ነኝ። እጅሽም የኔ ነው› አለኝ።»

ግድግዳው ላይ ወደቆመው ድንጋይ ዞረች።

«ከዚያ ድንጋዩን አጠብኩ። ለምን እንዳጠብኩት አላውቅም። እጄ ለምዶበት ነው።»

ጫማ ሰፊው «ምነው ልጄ… ዝም ብትዪ ምን ነበረበት?» አለ፤ የገዛ ካቴናውን ረስቶት።

«የሰንጢዎ ሌላው ጎን ሳይለሰልስ ቀርቷል፣ አባባ። ሳያልቅ እጅዎ ሊገባ አይገባም። ይቅርታ።»

ወንድምየው ከመደርደሪያው ያነሳውን የቀይ ክር ጥቅል ይዞ ቆሟል፤ ምን እንደሚያደርግበት የጠፋው ይመስላል።

ሃምሳ አለቃው ካቴናውን ከጫማ ሰፊው ፈትቶ ወደ ልጅቷ መጣ፤ ቀኝ እጇን ያዘ። ቀስ ብላ አስለቀቀችውና ግራዋን ዘረጋችለት።

«ያኛው ምንም አላደረገም» አለች። «ይሄኛው ነው።»