ከኋላዬ ማንም የለም

«ኧረ ቀስ፣ ይደፋል!» አለ አባቷ። ጥፋቱ ግን የራሱ ነበር፤ በሚስተር ሉንድ ግቢ መግቢያ ላይ የተቆለለውን በረዶ ፍጥነቱን ሳይቀንስ ነበር የዘለለው።

ብሪታ በፎጣ የተጠቀለለውን መጋገሪያ ሳህን ወደ ሆዷ አስጠጋችው። እናቷ ከጠዋት ጀምራ የሠራችው የድንችና የተፈጨ ሥጋ ምግብ ነው። እዚህ ሰፈር ሰው ሲወልድም፣ ሲታመምም፣ ሲሞትም የሚላከው ይኸው ሳህን ነው።

«አንቺ ነሽ የምትሰጪያቸው» አለ አባቷ ሞተሩን እያጠፋ። «ያን ቀን እዚያ የነበርሽው አንቺ ነሽ። ደስ ይላቸዋል።»

አደጋው ከደረሰ ይኸው ሁለት ሳምንት ሞላው። በነዚህ ሁለት ሳምንታት ለብሪታ አንድም ቀን እህል በደንብ አልወረደላትም። ልብ ሲያውቅ ገንፎ ያንቃል የሚባለው እውነት ነው፤ እሷን ግን ገንፎ ብቻ ሳይሆን ውሃም አንቋታል።

«እኔ ደግሞ የማልወደውን ሥራ ልሠራ ነው» አለ አባቷ፣ መሪውን እንደያዘ ቤቱን በመስታወት እያየ። «የበረዶ መደልደያውን ትራክተር ቁልፍ ተቀበል ብለውኛል። የበረዶ ሞተር ክለቡ ሐሙስ ዕለት ወሰነ። የሚስተር ሉንድ ዓይን ደክሟል፣ በእሳቸው እጅ ያን የሚያክል ትራክተር መተው አይቻልም አሉ። ምን ልበል? ሃያ ስድስት ክረምት መንገዱን የደለደሉት እሳቸው ናቸው። እኔን ራሴን ከጎናቸው አስቀምጠው ነው ያስተማሩኝ።»

ኪሷ ውስጥ ስልኳ ነዘረ። ዊላ ነበረች። «ደረሳችሁ? ምንም እንዳትተነፍሺ እሺ? ከተነፈስሽ ሁለታችንም አለቀልን» ይላል መልእክቱ። ዊላ ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ ጓደኛዋ ናት፤ በሁለት ሳምንት ውስጥ ይህንኑ ስትጽፍላት አሥረኛ ጊዜዋ ሳይሆን አይቀርም።

ዊላ ግን የምታውቀው ግማሹን ብቻ ነበር። ከዚያ የባሰውን የምታውቀው ብሪታ ብቻ ናት።

ያን ቅዳሜ ሁለቱ በየበረዶ ሞተራቸው ከሐይቁ ዳር ተነሥተው በጥዱ ጫካ መሃል ሲነዱ ነበር ያረፈዱት። ጠዋቱን ሙሉ ዊላ ፊት፣ ብሪታ ኋላ። የጫካው መንገድ ጠባብና ጥምዝምዝ ነው፤ ከፊት ለፊት የሚመጣ ሰው ስታገኝ ግራ እጅህን አንሥተህ ከኋላህ ስንት ሰው እንዳለ በጣትህ ታሳየዋለህ። ሁለት ከሆኑ ሁለት ጣት፣ አንድ ከሆነ አንድ። የመጨረሻው ሰው ጣቱን ጨብጦ ቡጢ ያነሣል፤ ከኋላዬ ማንም የለም ማለት ነው። ብሪታ ይህን የተማረችው የጫማዋን ክር ማሰር ሳትችል ነው። ጠዋቱን ሙሉ፣ ሰው ባለፋቸው ቁጥር ዊላ አንድ ጣት፣ እሷ ቡጢ ሲያነሡ ዋሉ።

ከዚያ መሞቂያው ጎጆ ደረሱ። ምድጃው ውስጥ እሳት አልነበረም፤ ቅዝቃዜው ከዜሮ በታች ሃያ ነበር። ዊላ ከወንድሟ ጃኬት ኪስ ያነሣችውን ጠፍጣፋ የአረቄ ጠርሙስ አወጣች።

«ሚንት ነው ባክሽ» አለች እየሳቀች፤ «ማስቲካ በይው። ያሞቃል።»

የብሪታ አባት በየዓመቱ የክለቡ አዳራሽ ውስጥ የአሥራ ሁለት ዓመት ልጆችን ሰብስቦ የበረዶ ሞተር ደህንነት ኮርስ የሚሰጥ ሰው ነው። ሰርተፍኬታቸውን ፈርሞ የሚሰጣቸውም እሱ ነው። «አረቄ አያሞቅም፤ የሞቀህ ያስመስልሃል እንጂ» የምትለዋን ንግግሩን ብሪታ በቃሏ ታውቃታለች፤ ከኋላ ወንበር ተቀምጣ ከንፈሯን እያንቀሳቀሰች አብራው ትላት ነበር። ያን ቀን ግን ጠርሙሱን ተቀበለች። አንዴ ጎነጨች፤ ጉሮሮዋን አቃጠላት። ደገመች። ሦስተኛውን ስትጎነጭ የምር ሞቃት፤ ዊላ የምትናገረው ሁሉ የሚያስቅ ሆነ። ጠርሙሱ ሲጋመስ ዊላ ጓንቷን መፈለግ ጀመረች፤ ብሪታ ደግሞ «አንቺ ኤሊ! ከቻልሽ ድረሺብኝ!» ብላ ሞተሯን አስነሥታ ቀድማ ሄደች።

ሚስተር ሉንድን ያገኘቻቸው ከሁለተኛው ጥምዝ በኋላ ነው። በሞተራቸው ከፊት ለፊቷ ብቻቸውን ይመጡ ነበር፤ የወደቁ የመንገድ ምልክቶችን እየዞሩ ይተክሉ ነበር። ቡጢያቸውን አነሡላት። እሷም አነሣችላቸው። ቡጢ። እጇ ጠዋቱን ሙሉ ሲያደርግ የዋለውን አደረገ፤ ጭንቅላቷ ደግሞ ሚንቱ ውስጥ ነበር።

ካለፈቻቸው በኋላ ትዝ አላት። ብሪታ ከሁሉ በላይ የማትረሳው ይህን ነው። ዊላ ከኋላዬ ናት እኮ፣ አለች በልቧ። መቆም ነበረባት፤ ዞራ መከተል፣ መጮህ፣ የሆነ ነገር ማድረግ ነበረባት። እሷ ግን ሳቀች። ሄልሜቷ ውስጥ ለብቻዋ ሳቀችና ነዳጁን ጨመረች። ከዚያ የግጭቱን ድምፅ ሰማች።

ሽማግሌው ከፊታቸው ማንም እንደማይመጣ አምነው ጥምዙን በመንገዱ መሃል ነበር የያዙት። ዊላ ደግሞ ልትደርስባት ትበር ነበር። ሚስተር ሉንድ ልጅቷን ላለመግጨት መሪያቸውን ጠምዝዘው ከበርች ዛፍ ጋር ተላተሙ። ዊላ በረዶ ላይ ተንከባልላ ምንም ሳትሆን ተነሣች። የሳቸው እግር ከጉልበታቸው ሥር ሁለት ቦታ ተሰበረ።

ፖሊሱ ሲመጣ ሁለቱም ሽታውን ለመደበቅ ማስቲካ ያኝኩ ነበር። የደህንነት መምህሩን ልጅ ማን ይጠረጥራል? «ሲያልፉሽ ስንት ጣት አሳየሻቸው?» ብሎ ብቻ ጠየቃት።

«አንድ» አለች ብሪታ።

በዚህች አንዲት ቃል ጥፋቱ ሁሉ ወደ ሽማግሌው ዞረ።

«ግቡ፣ ግቡ! ቅዝቃዜውን ግን ውጪ ተዉት!» አሉ ሚስተር ሉንድ፣ ብሪታና አባቷ በሩን ሲከፍቱ፣ ከመስኮቱ አጠገብ ካለው ወንበራቸው ላይ ሆነው። በጀሶ የታሰረው እግራቸው በርጩማ ላይ ተዘርግቷል። ከአደጋው በፊት ከነበሩት ከስተዋል፤ የሹራባቸው አንገት ሰፍቷቸዋል። «አየህ ከርት፣ ሰባ አራት ዓመት ሙሉ የጠበቅኩትን እግር ለዛፍ ሰጠሁት። ዛፉ እንኳ አመሰግናለሁ አላለኝም።»

አባቷ ሳቀ። ብሪታ ሳህኑን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች። «እማዬ ናት የላከችልዎት» አለች። ድምፅዋ ለራሷም በደንብ አልተሰማትም።

«ነይ እስቲ ወደዚህ፣ አንቺ ልጅ። ስጠብቅሽ ነበር። ይቅርታ ልልሽ።»

«እኔን?»

«አንቺን ነዋ። ጓደኛሽን ፊት ለፊትሽ ልገድልብሽ ነበር እኮ።» ሚስተር ሉንድ እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አሹ። «ያየሁት ቡጢ ነበር። መጽሐፍ ቅዱስ ይዘህ ማል ቢሉኝ እምል ነበር። ፖሊሱ ግን አንድ ጣት ነው ያነሣችው አለኝ። እንግዲህ አንቺ ምን ብለሽ ትዋሻለሽ? ዓይኔ ነው። አርጅቻለሁ፣ አላውቀውም ነበር እንጂ። ሴት ልጄም ሞተሩን ልሽጠው አለችኝ፤ አልተከራከርኳትም። ዛሬ ዊላን ለጥቂት ሳትኳት፤ ነገ በመደልደያው ሌላ ልጅ ብደፈጥጥስ?»

ከሹራባቸው ኪስ የመደልደያውን ቁልፍ አውጥተው ከሳህኑ አጠገብ አስቀመጡት።

«ይኸው ከርት። ለምን እንደመጣህ አውቃለሁ። እንዳትለማመጠኝ ብዬ አዘጋጅቼ ነው የጠበቅኩህ።»

አባቷ ቁልፉን አላነሣውም። ወደ መስኮቱ ዞሮ ጉሮሮውን ጠረገ። ብሪታ አባቷን እንዲህ ሆኖ አይታው አታውቅም። አፍራ ነበር፤ ከማፈርም አልፋ ራሷን ጠልታ ነበር። ቢቆጧት፣ ቢሰድቧት እንኳ በተሻላት። ይቅርታ የሚጠይቃትን ሰው ግን የት አባቷ ታድርገው?

«ቡጢ ነበር» አለች።

«ምን አልሽ?» አለ አባቷ።

«ያነሣሁት ቡጢ ነው። አንድ ጣት ብዬ ለፖሊሱ የነገርኩት ውሸት ነው።» ወደ ሽማግሌው ዞረች። «ዓይንዎ ምንም አልሆነም፣ ሚስተር ሉንድ። በትክክል ነው ያዩት።»

ሚስተር ሉንድ ፊታቸውን በሁለት እጃቸው ሸፈኑ፤ ትከሻቸው መንቀጥቀጥ ጀመረ። ብሪታ ሊጮኹባት ነው ብላ ጠበቀች። እጃቸውን ሲያወርዱ ግን ጉንጫቸው በእንባ ርሶ ነበር።

«በየጠዋቱ» አሉ፣ በጣታቸው ወደ ግድግዳው እያመለከቱ፣ «አንድ ዓይኔን እየጨፈንኩ ያንን ካላንደር አነባለሁ። ደግሞ ሌላውን ጨፍኜ አነባለሁ። ደቃቁ ጽሑፍ ሳይቀር ይታየኛል። ይታየኛል፤ ግን ራሴን አላመንኩትም።» ከዚያም እንደ ልጅ በእጅጌያቸው አፍንጫቸውን ጠረጉ። «ተመስገን። ተመስገን።»

ብሪታን ከስድብ ሁሉ የባሰ ያመማት ይህ ደስታቸው ነበር።

የአባቷ ፊት ቀላ። ከዚያ ለዘብ ብሎ፣ «ልጅ ናት፣ አርቪድ» አላቸው ሽማግሌውን። «ጠዋቱን ሙሉ መጨረሻ ሆና ስትነዳ ነው የዋለችው። እጇ ለምዶባት ነው። አይደል ብሪታ? ለምዶብሽ፣ ኋላ ደግሞ ደንግጠሽ ነው የዋሸሽው?»

«እሱማ ማንም ይሳሳታል» አሉ ሚስተር ሉንድ። «ዋናው መናገሯ ነው። ትልቅ ነገር ነው የሠራሽው፣ አንቺ ልጅ።»

የማምለጫው በር ተከፍቶላት ነበር። ራሷን አንድ ጊዜ ብትነቀንቅ ሁሉም ያልቃል። ሽማግሌው ቁልፋቸውን መልሰው ይይዛሉ። ዊላም ትድናለች። ከሁሉ በላይ አባቷ ይድናል፤ በሚቀጥለው ወር አዲሶቹ ልጆች ፊት ቆሞ ያቺን ንግግሩን ሲናገር ማንም ከኋላ አይንሾካሾክበትም። እጇ ለምዶባት ነው የተባለውም ውሸት አይደለም። እውነት ነው፤ ጎደሎ እውነት።

ሌላ ሁለት ሳምንት ቢያልፍም ግን በዚያ ጎደሎ ምክንያት እህል አይወርድላትም።

ስልኳን አወጣችና ለዊላ ጻፈች፦ «ልናገር ነው። የራሴን ብቻ። ያንቺን አንቺ ንገሪ።» መልሱን ሳትጠብቅ ድምፁን አጠፋችው።

«አባዬ፣ ለፖሊሱ ደውልልኝ።»

«ዛሬ ቅዳሜ ነው፣ ሰኞ አብረን ሄደን...»

«አሁን። እዚሁ፣ እሳቸው እየሰሙ።»

አባቷ አያት። ከዚያ ቁጥሩን ፈልጎ ደወለ፣ ማን እንደሆነና ለምን እንደደወለ ተናገረና ስልኩን አቀበላት። ብሪታ በሁለት እጇ ያዘችው።

«እሺ ብሪታ፣ እየሰማሁሽ ነው» አለ ፖሊሱ። «ስለ እጅ ምልክቱ ነው አለኝ አባትሽ?»

«እሱንም እነግርዎታለሁ» አለች። «ከሱ በፊት ግን ሌላ ነገር አለ።»

አባቷ ቀና አለ። ብሪታ ወለሉን ማየት ፈልጋ ነበር፤ መስኮቱንም፣ ካላንደሩንም። አላየችም።

«መሞቂያው ጎጆ ውስጥ አረቄ ጠጥተን...» አለችና አቆመች። ከዚያ ከአባቷ ፊት ዓይኗን ሳትነቅል፣ «ጠጥቼ ነበር» አለች።