ለማሳመር የገባች ባዶ ዓምድ

«የጣለሽ ኮምፒውተሩ ነው እንጂ እኔ አይደለሁም» አሉ ምክትል ርዕሰ መምህሩ፣ ዓይናቸውን ከስልካቸው ሳያነሱ።

ድንቢጥ በሩ ላይ እንደቆመች ቀረች። ድንቢጥ እውነተኛ ስሟ አይደለም፤ ከክፍሉ ሁሉ አጭርና ቀጭን ስለሆነች ከአራተኛ ክፍል ጀምሮ የወጣላት ነው። ልዩ የሳይንስ ክፍል ለመግባት ስልሳ ተማሪዎች ተፈትነው ሠላሳው አልፈዋል። ማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ የተለጠፈው የእያንዳንዱ ተማሪ ጠቅላላ ድምርና ደረጃ ብቻ ሲሆን እሷ አርባ አንደኛ ነች።

ከኋላዋ የቆመችው ጓደኛዋ ሽቦ ግን ደሟ ፈላ። የተቆጣችው ለድንቢጥ ብቻ አልነበረም፤ ለኮምፒውተሩም ጭምር ነበር።

«ቲቸር፣ ይቅርታ፣ ኮምፒውተር ማንንም አይጥልም። የሰጡትን ነው የሚደምረው። የሆነ ቦታ የተሳሳተ ሰው አለ።»

«እንግዲያው የተሳሳተችው ጓደኛሽ ናታ፣ ፈተናው ላይ!» ምክትሉ በራሳቸው ቀልድ ሳቁ። «በሉ ውጡልኝ። ዝርዝሩ ተልኳል፣ ሲስተሙ ተዘግቷል። ነገ ትምህርት ይጀመራል።»

ሲስተሙ ተዘግቷል! ሽቦን እንደዚህ ዓይነት ንግግር የሚያሳብዳት ነገር የለም። ገና በሰባት ዓመቷ የቤቱን ሬዲዮ ፈታትታ፣ ገመዱን ከአልጋ እስከ ወጥ ቤት ዘርግታ የተገኘች ልጅ ናት፤ ቅጽል ስሟም የመጣው ከዚያ ነው። በየሁለት ሳምንቱ ማስታወቂያ ሰሌዳው ጥግ ላይ «ሽቦ ትላለች» የሚል ጽሑፍ ትለጥፋለች። ውሃ የገባበትን ስልክ ሩዝ ውስጥ መቅበር ሩዙን ማባከን ነው ትላለች። ኔትወርክ ሄደ የሚል ሰው የት እንደሄደ ይንገረን ትላለች። ሳይንስ ማለት «ተሳስቼ ይሆን?» ብሎ መጠየቅ እንጂ ቀመር መሸምደድ አይደለም ትላለች። አንድ ጊዜ እናቷ መታወቂያ ለማሳደስ ቀበሌ ሄዳ ጸሐፊው «ሲስተም የለም» ብሎ ሦስት ቀን አመላለሳት። በሦስተኛው ቀን ሽቦ አብራ ሄዳ፣ ሰውዬው ኮምፒውተሩ ላይ ካርታ ሲጫወት መነጽሩ ላይ ሲያንጸባርቅ አየችው። የዚያ ሳምንት ጽሑፏ አጭር ነበር፦ «ሲስተም የሚባል ሰውዬ የለም። ከጀርባው ሁልጊዜ ስም ያለው ሰው አለ።» ግማሹ ተማሪ በስልኩ ፎቶ አነሳው።

«ተይው አቦ» አለች ድንቢጥ ኮሪደሩ ላይ። ዓይኖቿ ቀልተዋል። «አክስቴ ካላለፍሽ ከትምህርት በኋላ ፀጉር ቤት ነው የምትውይው ብላለች። እዚያ ከገባሁ የማጠናበት ሰዓት የለኝም፣ በቃ አለቀልኝ። የሚያናድደኝ ግን የላብራቶሪው ፈተና ነው። አንድም ነገር አልሳትኩም እኮ! መምህሩ ራሱ ጎበዝ ብሎኛል።»

«ማን እንዳበላሸው አውቃለሁ» አለች ሽቦ። እሳት ለብሳ እሳት ጎርሳ ወደ መዝገብ ቤት ወረደች።

መዝገብ ቤቱን የሚይዙት ተማሪው ሁሉ «እትዬ መዝገብ» የሚላቸው ሴትዮ ናቸው። ጡረታ ሊወጡ ሁለት ዓመት ቀርቷቸዋል። የእንጨት ማስመሪያ ከእጃቸው አይለይም፤ ውጤት ሲያነቡ ረድፍ እንዳይዘሉ ከሥሩ ያስቀምጡታል። ውጤት ከአንድ ወረቀት ወደ ሌላ በተገለበጠ ቁጥር ደግሞ አንድ ሰው ጮክ ብሎ ያነባል፣ እሳቸው ምልክት ያደርጋሉ። ያለዚህ አንድ ወረቀት ከክፍላቸው አይወጣም። ዘንድሮ ግን ምክትሉ የልዩ ክፍሉን ውጤት ወደ ኮምፒውተር እንድታስገባ ኃላፊነቱን ለሽቦ ሰጧት። ወረቀቶቹን የሰጧት እትዬ መዝገብ ናቸው። እንግዲህ ስህተቱ ከሳቸው እንደመጣ ሽቦ አልተጠራጠረችም።

«እትዬ፣ የድንቢጥን ውጤት አበላሽተውታል!»

«እደጊ! መጀመሪያ ደህና ዋሉ ይባላል።»

«ልጅቷ እያለቀሰች ነው እትዬ! በእጅ መጻፍ ይቅር ያልኩት ለዚህ ነው!»

እትዬ መዝገብ አልተነሱም። ከመሳቢያቸው የላብራቶሪ መምህሩን የውጤት ወረቀት አወጡ፣ ማስመሪያቸውን አንድ ስም ሥር አደረጉና ወደ እሷ ገፋ አደረጉት።

«አንብቢ።»

«ሃያ ዘጠኝ... ከሠላሳ» አለች ሽቦ።

«የሰጠሁሽ ይሄንኑ ነው። አንቺስ ምን ብለሽ አስገባሽ?»

ሽቦ ኮምፒውተሩን ከፈተች። በልቧ «አሁን ያያሉ» እያለች ነበር። የድንቢጥ ስም አጠገብ ያለው የላብራቶሪ ውጤት ዘጠኝ ይላል። ሃያ ዘጠኝ ደግሞ ከፈተናው ቀን በቀር ከላብራቶሪ በር አልፎ የማያውቅ፣ ፈተናውንም ተኝቶ ያሳለፈ ልጅ ስም አጠገብ ተቀምጧል። ወረቀቱ ላይ ዘጠኝ ያለው እሱ ነው። ሌላ ስም አየች፤ አይገጥምም። ሌላ አየች፤ እሱም አይገጥምም።

ያኔ ገባት። ሰንጠረዡ ተጨናንቆ ሲታያት ጊዜ፣ ለማሳመር ብላ ከላብራቶሪው ውጤት በፊት አንዲት ባዶ ዓምድ አስገብታ ነበር። ቀጥላ ስሞቹን በፊደል ተራ ደረደረች። ኮምፒውተሩ ባዶዋ ዓምድ ጋ ሲደርስ ሰንጠረዡ እዚያ ያለቀ መሰለው። ስሙና የጽሑፍ ፈተናው አብረው ወደ አዲስ ቦታቸው ሄዱ፤ የላብራቶሪው ውጤት ግን ከነበረበት ንቅንቅ አላለም። ስልሳ ተማሪዎች የማያውቁትን ሰው ነጥብ ይዘው ተደመሩ። ኮምፒውተሩ የታዘዘውን ነው ያደረገው።

ሽቦ እጇን ከኪቦርዱ ላይ አነሳች።

«እናንብብ አላልኩሽም?» እትዬ መዝገብ አሁን ተነሱ። «አንዴ አይደለም፣ ሦስት ጊዜ! አንቺ ግን "ኮምፒውተር ነው እኮ እትዬ፣ ምን ይነበባል?" ብለሽ ሳቅሽብኝ። በጓደኞችሽ ፊት! ዛሬ ደግሞ አበላሹት ብለሽ መጣሽብኝ። የራሷ አሮባት የሰው ታማስላለች አሉ!»

ሽቦ የምትናደድበት ሰው ፈለገች። ፕሮግራሙን የጻፉት ሰዎች ለምን አላስጠነቀቁም? ምክትሉ ለምን ቶሎ በይ እያሉ አጣደፏት? በሰው መናደድ የለመደችው ነገር ነው። በራሷ መናደድ ግን አዲስ ሆነባት፤ ከየት እንደሚጀመር እንኳ አላወቀችም።

ባዶዋን ዓምድ አጥፍታ፣ ውጤቱን ከወረቀቱ ላይ አንድ በአንድ እንደገና አስገባች። ድንቢጥ ከአርባ አንደኛ ስድስተኛ ሆነች። ሽቦ ልትዘጋው ስትል ዓይኗ የራሷ ስም ላይ ዐረፈ። ሰሌዳው ላይ ሃያ አራተኛ ነበረች። የላብራቶሪ ውጤቷ ግን በስህተት የተሰጣት ሃያ ሰባት ሳይሆን አሥራ ሁለት ነው። በፈተናው ቀን ቸኩላ አምፖሏን ከማይሆን ባትሪ ጋር አገናኝታ አቃጥላታለች። ዝርዝሩ የወጣ ዕለት ለአፍታ ገርሟት ነበር፤ ወዲያው ደግሞ «መምህሩ ችሎታዬን ያውቃል» ብላ ራሷን አሳመነች። አሁን ስሟ ሠላሳ ሁለተኛው ረድፍ ላይ ተቀምጧል።

እትዬ መዝገብም አዩት። ማስመሪያቸውን ከወረቀቱ ላይ አነሱ።

«የተላከ ዝርዝር የሚታረመው በአንድ መንገድ ነው» አሉ ረጋ ብለው። «የሳተው ሰው በደብዳቤ አምኖ ይፈርማል፣ ምክትሉ ፈርመው ያጸድቁታል፣ በቃ። የኮምፒውተር ብልሽት ከተባለ ግን ባለሙያ እስኪመጣ ይጠበቃል። ባለፈው ጊዜ ባለሙያው የመጣው በዓመቱ ነው።»

«እና... እርስዎ ቢፈርሙስ?»

ቃሉ ከአፏ ካመለጠ በኋላ ነው ሽቦ ራሷን የሰማችው። የእትዬ መዝገብ ፊት ተለዋወጠ።

«እኔ? ሠላሳ አንድ ዓመት የሰው ልጆችን ውጤት ጠብቄ፣ በስተርጅና የማላውቀውን ስህተት ልፈርም? ውጪልኝ! ከዓይኔ ጥፊ!»

ቤት ስትደርስ እናቷ የስፌት መኪናው ላይ ነበረች። ጭኗ ላይ ነጭ ጨርቅ ተዘርግቷል።

«ነይ፣ ነይ ለኪው! የልዩ ክፍል ተማሪ ጋዋን ይለብሳል አሉኝ። ለእስክሪብቶሽ ኪስ አውጥቼበታለሁ። ዛሬ ደንበኛው ሁሉ ሲጠይቀኝ ልጄ ሳይንቲስት ልትሆን ነው እያልኩ አፌ ደከመ።»

«ማን ስፊልኝ አለሽ?» ሽቦ ጮኸች። «ለምን ለሰው ሁሉ ትናገሪያለሽ?»

«ምን ነካሽ አንቺ ልጅ? ጉድ እኮ ነው! ሌላው እናቴ ረሳችኝ ብሎ ያለቅሳል፣ አንቺ አስታወሰችኝ ብለሽ ትጮሂያለሽ!» እናቷ ክሩን በጥርሷ በጥሳ ፊቷን አዞረች።

ሽቦ ወደ ውስጥ ገብታ በሩን ዘጋች። ወረቀት አወጣችና «በኮምፒውተር ስህተት ምክንያት» ብላ ጀመረች። አነበበችው። ከዚያ ቡጭቅጭቅ አድርጋ ቀደደችው፤ ወረቀቱ ራሱ የሰደባት ይመስል ነበር። በሁለተኛው ወረቀት ላይ «እኔ» ብላ ጀመረች። ባዶዋን ዓምድ ጻፈች፣ እናንብብ ተብላ እምቢ ማለቷን ጻፈች፣ የራሷንም ደረጃ ጻፈች። ለመጻፍ አሥር ደቂቃ አልፈጀባትም። ፈርማበት ለማጠፍ ግን እራት ቀርቦ እስኪነሳ ድረስ ቆየች።

በማግስቱ ጠዋት ድንቢጥን በር ላይ ጠበቀቻት። ደብዳቤውን ሰጠቻት። ድንቢጥ ቆማ አነበበች፣ እንደገና ከላይ ጀመረች።

«አንቺ ነሽ?»

«እኔ ነኝ።»

«ትናንት እዚያ ቢሮ ስትጮሂልኝ እንዴት ደስ ብሎኝ ነበር መሰለሽ። ባይሆን እሷ አለችኝ እያልኩ ነው ያደርኩት።» ድንቢጥ ወረቀቱን አጠፈችው። «አውቀሽ ነው? አንቺ አልፈሻል፣ እኔ ወድቄያለሁ። አውቀሽ ነው?»

«አይደለም! በእናቴ!»

«እንዴት ልመንሽ?»

ሽቦ ለሁሉም ነገር መልስ ነበራት፤ ለባትሪ፣ ለሩዝ፣ ለኔትወርክ። ዛሬ ግን «አላውቅም» አለች።

ድንቢጥ ወረቀቱን ደረቷ ላይ ለጠፈችላት። «ሂጂ ስጪው። ይቅርታ ምናምን ብለሽ አሁን አታስጨንቂኝ። አልችልም።»

ምክትሉ ደብዳቤውን መነጽራቸውን ዝቅ አድርገው አነበቡት። ሲጨርሱ በሩን ገፋ አድርገው ዘጉና ድምፃቸውን አለሰለሱ።

«ልጄ፣ ይሄ ምን ይጠቅምሻል? አውቃ ነው ይሉሻል። በእጅሽ ያለውን የኮምፒውተር ክፍል ቁልፍም መልሺ መባሉ አይቀርም። ኮምፒውተሩ ነው ብለን ዘግተነዋል፣ ማንም ከማንም አልተጣላም።»

«ድንቢጥ ተጥላለች!»

«አትጩሂ! ለሷ በሚቀጥለው ዓመት አንድ ነገር እናደርጋለን። አንቺም ቦታሽን አታጪም። ሁሉም ሰላም ይሆናል።»

የሚያናድደው ነገር ሐሳባቸው መጥፎ መስሎ አለመታየቱ ነበር። ለአንድ አፍታ ሽቦ ነጩን ጋዋን ለብሳ ራሷን አየች። የእናቷንም ፊት አየች። ከዚያ ቁጣዋ እንደገና መጣ፤ የዛሬው ግን ጩኸት አልነበረውም።

«ድንቢጥ የምትማረው ዘንድሮ ነው ቲቸር።»

«እንግዲህ!» ምክትሉ ደብዳቤውን መለሱላት። «በይ ጠረጴዛው ላይ አስቀምጪው። ጊዜ ሳገኝ አየዋለሁ።»

ሽቦ ጠረጴዛውን አየች። ወረቀት በወረቀት ላይ ተከምሯል፤ ከታች ያሉት ጠርዛቸው ቢጫ ሆኗል። ሁሉም ጊዜ ሲገኝ የሚታዩ ናቸው። ደብዳቤዋን አላስቀመጠችም።

«ሲፈርሙልኝ ይዤው እሄዳለሁ» አለች።

ደወሉ ተደወለ። የልዩ ክፍሉ ተማሪዎች ነጭ ጋዋናቸውን ለብሰው ደረጃውን ሲወጡ ኮቴያቸውና ሳቃቸው በተዘጋው በር በኩል ተሰማ።

«ክፍል የለሽም እንዴ አንቺ?»

«የለኝም» አለች ሽቦ። ወንበር ስባ ተቀመጠች።