ቀዩ ብስክሌት ተሸጧል

ሸዋገነት የቀዩን ብስክሌት መሪ ከጨበጠች ቆይታለች፤ የሚያስለቅቃት ግን አልተገኘም። ነጋዴው ጠሀ ሌሎቹን ሊያሳያት ሁለት ጊዜ ሞክሮ ተስፋ ቆርጧል። አባቷ አቶ ደመቀ ደግሞ ቁጢጥ ብለው ጎማውን በአውራ ጣታቸው ይጫናሉ።

«ጎማው ቀጭን ነው» አሉ አቶ ደመቀ።

«የውድድር ነዋ ጋሼ! ካልቀጠነ መች ይበራል?» አለ ጠሀ።

የጠሀ ሱቅ መርካቶ ውስጥ ከምን አለሽ ተራ ትንሽ ወረድ ብሎ ያለ የቆርቆሮ ዳስ ነው። ጎረቤቶቹ በርሜል ቀጥቅጠው ምድጃ የሚሠሩ ሰዎች ስለሆኑ በዚያ አካባቢ ጨዋታም ጠብም በጩኸት ነው። ያገለገሉት ብስክሌቶች ግድግዳውን ተደግፈው ተደርድረዋል፤ አንዳንዱ ፔዳል የለውም፣ አንዳንዱ መቀመጫው ወልቋል። ከሁሉም መሀል እንደ አዲስ የሚያብረቀርቀው ቀዩ ብቻ ነበር፤ ሸዋገነትም ገና ከመንገድ ማዶ ሆና ነው ያየችው።

ብስክሌቱን አቶ ደመቀ ቃል የገቡላት ዓመት ሊሆነው ነው። «ሚኒስትሪን እለፊ እንጂ እገዛልሻለሁ» ብለዋት ነበር። የስምንተኛ ክፍል ፈተናዋን አለፈች፤ እሳቸውም አልረሱም። እናቷ ወይዘሮ ጤናዬ «ሴት ልጅ በብስክሌት! ጉድ ፈላ!» ብለው ሁለት ቀን አኩርፈው ነበር። በሦስተኛው ቀን ግን አሮጌ ሱሪ ቆርጠው፣ ከቀሚሷ ሥር የምትለብሰው ቁምጣ ሲሰፉ ተገኙ። ዛሬ ጳጉሜ ሁለት ነው፤ አባትና ልጅ ለዘመን መለወጫ እንዲደርስ ብለው ወጥተዋል።

መንዳቱን በሰፈር የኪራይ ብስክሌት ተምራዋለች። የኪራይ ብስክሌቶቹ ሁሉ የትልቅ ሰው ስለሆኑ፣ ልጆቹ አንድ እግራቸውን ከአግዳሚው ብረት ሥር አሾልከው፣ ወገባቸውን አጣመው፣ መቀመጫው ላይ ሳይወጡ ነው የሚነዱት። ሸዋገነት እንደዚያ እየተጣመመች ሰፈሩን ስትዞር ጎረቤቷ ጥጋቡ የራሱን ብስክሌት ይዞ ሽው ብሎ ያልፋታል። እሁድ እሁድ ከጓደኞቹ ጋር እስከ ጃን ሜዳ ይሄዳል። «አንቺም ስትገዢ መምጣት ትችያለሽ፤ ግን የሴት ብስክሌት ይዘሽ መጥተሽ እንዳታስቂብን» ብሏታል። ይህች ንግግር ክረምቱን ሙሉ ጆሮዋ ውስጥ ስትጮህ ከርማለች።

አቶ ደመቀ ከተቀመጡበት ተነሡና «እስቲ» ብለው መሪውን ከእጇ ተቀበሉ። ሊወጡበት ቀኝ እግራቸውን አነሡ። እግራቸው ግን አግዳሚው ብረት ጋ ሳይደርስ ቆመ። ጥቂት እንደተንጠለጠለ ቆይቶ ቀስ ብሎ ወረደ። ከዚያ፣ ያሰቡት መጀመሪያውኑ እሱን እንደሆነ ሁሉ፣ ፍሬኑን ጨበጥ ለቀቅ ያደርጉ ጀመር።

አቶ ደመቀ በአንድ መሥሪያ ቤት ተላላኪ ሆነው ዐሥራ ዘጠኝ ዓመት ደብዳቤ በብስክሌት ሲያመላልሱ ኖረዋል። አምና ጉልበታቸው እምቢ ሲላቸው፣ መሥሪያ ቤቱ ብስክሌቱን ለወጣት ተላላኪ ሰጥቶ እሳቸውን መዝገብ ቤት አስቀመጣቸው። ቤት ውስጥ ይህ ነገር አይነሣም። ሸዋገነትም ጠይቃቸው አታውቅም።

«ሸዋዬ» አሉ መሪውን እየመለሱላት፣ «ይሄ ጎንበስ ብሎ ለሚሮጥ ሰው ነው። ጭቃ የሚመልስ ፓራፋንጎ እንኳ የለውም፤ ጀርባሽን ነው የሚለቀልቅሽ። መቀመጫውም ይቆረቁራል። አንቺ የምትፈልጊው እሁድ እሁድ ወዲያ ወዲህ የምትዪበት አይደል?»

«ፈጣን እኮ ነው አባባ።»

«ፈጣን መሆኑንስ ፈጣን ነው። ለማንኛውም ሌላም እንይ።»

አቶ ደመቀ ወደ ዳሱ ጀርባ ዘለቁና አንድ ጥቁር ብስክሌት እየገፉ ወጡ። አግዳሚ ብረቱ ወደ ታች የወረደ፣ የሴት የሚባለው ዓይነት ነው። መቀመጫው ሰፊ፣ ጎማው ወፍራም፣ ፓራፋንጎው ሙሉ፣ መሪው ላይም ትልቅ ደወል። ሸዋገነት አንዴ አይታው ፊቷን መለሰች። ጥጋቡና ጓደኞቹ ሆዳቸውን ይዘው ሲስቁ ከወዲሁ ታያት። አቶ ደመቀ ግን ብስክሌቱን እየገፉ ወደ መንገዱ ወጡ።

በዚህ መሀል ሱሪውን እስከ ጉልበቱ የጠቀለለ ጎረምሳ መጣ። ሌላውን ሁሉ አልፎ ቀጥታ ወደ ቀዩ ሄደ፤ ሸዋገነት መሪውን ይዛ መቆሟንም ከቁም ነገር አልቆጠረው። ከኋላ በኩል በአንድ እጁ ብድግ አድርጎ ክብደቱን መዘነ።

«ስንት ነው?»

«ስልሳ ብር» አለ ጠሀ።

ጎረምሳው ጎማውን አሽከረከረና ጆሮውን ጣል አደረገ። ሊገዛ የመጣ መሆኑ ያስታውቃል። ሸዋገነት መሪውን አጥብቃ ያዘች። አባቷ ከቤት ሲወጡ «ከአምሳ ብር አንለፍ» ብለዋታል። ወደ መንገዱ ብታይ ራቅ ብለው ሄደዋል፤ ጎረምሳው ደግሞ አፉን ሊከፍት ነው።

«አምሳ ብር!» ብላ ጮኸች።

ጠሀ አያት፤ ሳቀም። «የአባትሽ ልጅ! ሸጥኩልሽ፤ በደስታ ንጂበት!» ወደ ጎረምሳው ዞሮ «ተሸጧል ወንድሜ፣ ቀደመችህ» አለው። ጎረምሳውም ከንፈሩን መጥጦ ወደ ሰባተኛ ሰፈር ሄደ።

መርካቶ ላይ ዋጋ መጥራት ጨዋታ አይደለም። ዋጋ ሳይጠራ ሰው ቀኑን ሙሉ ዕቃ ቢያገላብጥ፣ ቢያጣጥል፣ ትቶ ቢሄድ የሚቀየመው የለም። ጠርቶ ነጋዴው «እሺ» ካለው ግን ዕቃው የእሱ ነው፤ ከዚያ በኋላ ጥሎ መሄድ ያሰድባል። ሸዋገነት ይህን የመርካቶ ልጅ ሆና ሳታውቅ አልቀረችም። ያን ጊዜ ግን ያሰበችው ቀዩ የእሷ መሆኑን ብቻ ነው። አባቷን ልታበስር ቀና አለች።

አቶ ደመቀ ጥቁሩን ብስክሌት እየነዱ ነበር። በተሸካሚዎቹና በአህዮቹ መሀል ቀስ ብለው እየተሹለከለኩ፣ ማንም መንገድ ሳይዘጋባቸው ደወሉን ያንቃጭላሉ። የመብራቱ እንጨት ጋ ሲደርሱ ዞሩ። ወደ ሱቁ ይመለሳሉ ስትል እንደገና ዞሩ፤ ከዚያም አንዴ ደገሙ። አንድ ጆንያ የተሸከመ ሰው «ምን ሆኑ ጋሼ፣ ዛሬ ሠርግ አለ እንዴ?» ሲላቸው ሳቁ። ሸዋገነት አባቷን ብስክሌት ላይ ያየቻቸው ሁልጊዜ ቦርሳ አንግበው፣ ፊታቸውን ኮስተር አድርገው፣ ሲቻኮሉ ነው። እንዲህ ሲስቁ አይታ አታውቅም።

ሱቁ ደጃፍ ላይ ቆሙና ያለ ምንም ችግር ወረዱ።

«ሸዋዬ፣ ምን ያለ ነገር ነው መሰለሽ!» አሉ ትንፋሻቸው እየተቆራረጠ። «ዐሥራ ዘጠኝ ዓመት ስነዳ፣ የምደርስበት ሳይኖረኝ የነዳሁት ዛሬ ገና ነው።»

«እንኳን ደስ ያለዎት ጋሼ» አለ ጠሀ፣ «ልጅዎ ቀዩን በአምሳ ብር ገዝታዋለች።»

አቶ ደመቀ ወደ ልጃቸው ዞሩ። «ዋጋ ጠራሽ?»

«አዎ… ሰውየው ሊወስደው ነበር አባባ።»

አልተቆጡም። ጥቁሩን ብስክሌት ግድግዳው ላይ አስደግፈው መቀመጫውን በእጅጌያቸው ጠረግ ጠረግ አደረጉት። «እንግዲህ ልጄ ከጠራች እኔ ጠርቻለሁ ማለት ነው» አሉና ብር የቋጠሩበትን መሀረብ ከውስጥ ኪሳቸው አወጡ።

ቢቆጧት ይሻላት ነበር። ቀዩ ብስክሌት እጇ ላይ ነው፤ ዝም ካለች የእሷ ነው፤ እሁድ ከእነጥጋቡ ጋር ጃን ሜዳ ናት። ነገር ግን ያ ተንጠልጥሎ የቀረው የአባቷ እግር ፊቷ ላይ ድቅን አለባት። እሳቸው ቀዩ ላይ መቼም አይወጡም። ይህን እያወቁም መሀረባቸውን እየፈቱ ነው።

«አባባ፣ ይቆዩ» አለች። ወደ ጠሀ ዞረች። «ጋሽ ጠሀ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ። ቀዩን አልወስድም፤ ጥቁሩን ነው የምፈልገው።»

«እንዴ! ዋጋ ጠርተሽ?» ጠሀ ሳቁ ከፊቱ ጠፋ። «ገበያተኛዬን ከመለስኩ በኋላ? ወላሂ ልጅ ሆነሽ ነው እንጂ…»

ምድጃ ሠሪዎቹ መዶሻቸውን አቁመው ይመለከቷት ጀመር። ፊቷ ጋለ።

«ሸዋዬ፣ ቃል ነው» አሏት አባቷ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው።

«አውቃለሁ አባባ። ጥፋቱ የኔ ነው።» ከዚያ ለጠሀ፣ «ሰውየውን ባመጣልዎትስ?» አለችው።

«ካመጣሽውማ ይቅር ብያለሁ።»

ሮጠች። ጭቃውን እየዘለለች፣ በተሸካሚዎቹ መሀል እየተሹለከለከች ወደ ሰባተኛ ወረደች። ጎረምሳውን አንድ የጎማ ሱቅ በር ላይ ቆሞ አገኘችው።

«ወንድሜ! ቀዩ ብስክሌት አለ፤ ና!»

«ተሸጧል ሲለኝ ሰምቻለሁ እኮ።»

«የገዛሁት እኔ ነበርኩ። ተውኩት።»

ጎረምሳው ዓይኑን አጠበበ። «ምን ጉድ አገኘሽበት?»

«ምንም የለበትም። ጎማው ቀጭን ነው፣ ፓራፋንጎ የለውም፣ መቀመጫው ይቆረቁራል። ጎንበስ ብሎ ለሚሮጥ ሰው ነው አሉኝ።»

«እኔም የምፈልገው እሱኑ ነው!» ብሎ በሳቅ ፈነዳ። ተከትሏት መጣ።

ከጠሀ ጋር ትንሽ ተከራከሩና ተስማሙ። ጎረምሳው ቀዩ ላይ ጉብ ብሎ፣ ጎንበስ ብሎ ተፈተለከ። ሸዋገነት ከዓይኗ እስኪጠፋ ድረስ በዓይኗ ሸኘችው። አልቆጫትም ብትል ውሸቷን ነው፤ ቆጭቷታል።

አቶ ደመቀ የጥቁሩን ዋጋ ተረጋግተው ጠሩ፤ ጠሀም ብዙ አላስቸገረም። ገንዘቡን ተቀብሎ መፍቻውን አነሣና የመቀመጫውን ብሎን አላላ።

«ነይ አጠገቡ ቁሚ፤ መቀመጫውን በልክሽ ላውርደው» አላት።

«ዝቅ አድርግላት፣ እግሯ መሬት እንዲደርስ» አሉ አቶ ደመቀ።

ሸዋገነት መቀመጫውን በሁለት እጇ ያዘች። «አይውረድ። በአባባ ልክ ይሁን።»

«ያንቺ አይደል እንዴ?»

«የኔ ነው። እኔ ሳልቀመጥ መንዳት ለምጃለሁ» አለች። «ደግሞ ገና አድጋለሁ።»

ጠሀ መፍቻውን እንደያዘ ወደ አቶ ደመቀ ተመለከተ። እሳቸው ፊታቸውን ወደ መንገዱ አዙረው ነበር። ጠሀም ያላላውን ብሎን መልሶ አጠበቀው።