ቃል አስታዋሿ

ሆልገር መድረኩ መሃል ቆመው ዝም አሉ። ቲልዴም ከመጋረጃው ጀርባ ተቀምጣ፣ ትንፋሿን ውጣ ትጠብቃቸው ጀመር። ሐሙስ ሐሙስ ባቡሩን በሰበብ አስባቡ የሚያዘገዩት እሳቸው መሆናቸውን አሁን ለአይብ ሻጯ ሴትዮ ሊነግሯት ነው። ወይስ አይነግሯትም? ሴትዮዋ ቅርጫቷን አንስታለች።

አሥር ሰከንድ አለፈ፤ ከዚያም አሥራ አምስት። የሆልገር ዓይን ወደ መጋረጃው ሲንከራተት ነው ቲልዴ የነቃችው። ሰውየው የሚጠብቁት እሷን ነው! ቃል ጠፍቷቸዋል፤ ጽሑፉን በጣቷ እየተከተለች የጠፋውን ቃል በሹክሹክታ ማቀበል ደግሞ የእሷ ሥራ ነው። ደንግጣ ገጹን ስታገላብጥ ሆልገር ራሳቸው ቃሉን አገኙት።

በዴንማርኳ ዩትላንድ በረዷማው ክረምት ረጅም ነው፤ መንደሩም በየዓመቱ የካቲት ላይ በአዳራሹ ቲያትር ያሳያል። ጽሑፉን ሲሰጧት ቲልዴ «ምን ዓይነት የጃጀ ነገር ነው» ብላ ነበር። አንድ የባቡር ጣቢያ ኃላፊ፣ አንዲት አይብ ሻጭ ጥቂት እንድትቆይለት ብሎ ባቡር ያዘገያል፤ አለቀ። ልምምዱ ሲደጋገም ግን ነገሩ ተገለበጠ። መጨረሻውን በቃሏ እያወቀችው፣ ሴትዮዋ ቅርጫቷን ባነሳች ቁጥር ልቧ ይንጠለጠላል። ቲያትሩን ወዳዋለች፤ ሌላ ስም የለውም። ይህን ለክፍል ጓደኞቿ አልተናገረችም።

አዘጋጇ ቢርጊት፣ የመንደሩ ፀጉር ሠሪ፣ ገና በመጀመሪያው ቀን አስጠንቅቃታለች። «እዚህ ወንበር ላይ የሚቀመጥ ሰው ቲያትር አያይም። ማየት የፈለገ እንደ ሰው ትኬት ይቆርጣል።»

ያን ምሽት ተመልካቹ የሆልገር ዝምታ ትወና መስሎት አለቀሰ። ኮስታራው የፋርማሲ ሰውዬ ሳይቀር ሲናፈጥ ተሰማ።

«ያቺን ዝምታ ከየት አመጣሃት ባክህ?» አለች ቢርጊት፣ በልብስ መቀየሪያው ክፍል በር ብቅ ብላ። «ነገም ልክ እንደዛው!» ወንበር ልታስነሳም ወደ አዳራሹ ተመለሰች።

ሆልገር አልሳቁም። በቀለም የተሠራ ጢማቸውን በፎጣ እየፈተጉ ወደ ቲልዴ ዞሩ።

«ስንቴ ነገርሽኝ?»

«እ?»

«ቃሉን። ሁለቴ? ሦስቴ? አንድም አልሰማሁ። ሴት ልጄ ጆሮህን ተመርመር ስትለኝ አፌዝባት ነበር።» ፎጣውን አጠፉት። «አዳሜ ትወና መሰለው፤ እኔ ላብ በላብ ሆኜ! በቃኝ። ነገ የቢርጊት ባል ወረቀት ይዞ ያንብበው። አሁኑኑ ሄጄ እነግራታለሁ።»

ሃያ ስድስት ክረምት እዚያ መድረክ ላይ ወጥተዋል። ሚስታቸው ሞታለች፤ የትምህርት ቤቱን አውቶቡስ መንዳት ካቆሙም ቆይተዋል። የቀራቸው ይሄ ነው።

ቲልዴ ዝም ብትል ማንም አያውቅም። ብትናገር ወንበሯ ሄደ፤ ቢርጊት በዚህ ነገር ቀልድ አታውቅም፣ ነገ ሌላ ሰው ታስቀምጥበታለች። ሆልገር ኮታቸውን ሲለብሱ እጅጌውን ሁለት ጊዜ ሳቱት።

«ሆልገር፣ ጆሮዎ ደህና ነው።»

«ማለት?»

«ምንም አልነገርኩዎትም። አንዲት ቃል አልተነፈስኩም።»

«ተኝተሽ ነበር?»

«እያየሁ ነበር።» ፊቷ ቲማቲም መሰለ። «ይነግሯት ይሆን ወይስ ትሄዳለች ብዬ ጨንቆኝ።»

«ጽሑፉ እኮ እጅሽ ላይ ነው!»

«አውቃለሁ።»

ሆልገር አፍጥጠው አዩዋት። ከዚያ ከነኮታቸው ወንበሩ ላይ ዘፍ አሉ፤ ትከሻቸው በሳቅ ይንቀጠቀጥ ነበር። «አንቺ ልጅ፣ ጆሮዬን እኮ ልትቀብሪብኝ ነበር» አሉ። ትንሽ ቆይተው ኮስተር አሉ። «እና ለቢርጊት ምን ልንላት ነው? ቃሉን እኔ ረሳሁት ብያት፣ ያንቺን ዝም ብንልስ?»

ከአዳራሹ ወንበር ሲደራረብ ይሰማል።

«አይ» አለች ቲልዴ። በሩን ከፍታ ራሷ ልትነግራት ወደ ቢርጊት ሄደች።