አርባ ሰባት ላይ የተቆረጠው መስመር

በጠፈር መንኮራኩሯ ላይ የልብ ጉልበት በየዓመቱ ይለካል፤ እንደ ልደት የተለመደ ነገር ነው። «መዳቢ» የሚሉት ማሽን ቁጥሮቹን ተቀብሎ ሰውን ብርቱ፣ መካከለኛና ደካማ ብሎ ይከፍላል። ደካማ የተባለው ሰው አየር እንዳይሻማ ወደ ረጅሙ እንቅልፍ ይገባል። ከዚያ የሚነቃው ጥቂት ነው።

የዘርፌ ባል ይርጋ አርባ አመጣ። የደካሞች መቁረጫም አርባ ነበር። ልኩ ላይ ያረፈ ወደ ታች ይውረድ ብሎ የወሰነው የምደባ ኃላፊው ጉልላት ነው። ዘርፌ እግሩ ላይ ወድቃ ብትለምነው ቁጥር አያዳላም ብሎ አሰናበታት። ይርጋ እንደተኛ ሞተ።

ዘርፌ ቂሟን ይዛ ምደባ ተማረች። ጉልላት ጡረታ ሲወጣ ወንበሩን ወረሰች፤ ባገኘችው ቁጥር ጤናውን እየጠየቀች ልቡ እስኪደክም ጠበቀች።

የአየር ማጣሪያው የተበላሸ ጊዜ አዛዦቹ መቁረጫውን ከፍ እንድታደርግ አዘዟት። አርባ ሦስት ይበቃ ነበር። የጉልላት ቁጥር አርባ ሰባት መሆኑን አየችና አርባ ሰባት ላይ ቆረጠችው። ውሳኔው የሚጸናው በማግስቱ ነበር።

ጉልላት ምርኩዙን ይዞ ቢሮዋ መጣ። አልለመናትም።

«ይርጋን ያስታውሱታል?» አለችው።

«አስታውሰዋለሁ። የፈለግሁት ግን እሱን አልነበረም» አለ። «በሰው ፊት ያዋረደኝ አንድ መካኒክ ነበር፤ እሱም አርባ ነበረው። እሱን ለመጣል ብዬ ልኩ ላይ ያረፈ ይውረድ አልኩ፤ ባልሽ አብሮ ወረደ።»

የመካኒኩን ስም ጠየቀችው። ጉልላት ብዙ አሰበ።

«ረስቼዋለሁ» አላት።

ልታንቀው ፈለገች። እሱ ሲወጣ አብረውት የሚወድቁትን ሰዎች ዝርዝር ለመጀመሪያ ጊዜ ከፍታ አነበበች። አንዷ የልጆች አስተማሪ ነች፤ አንዱ ባለፈው ሳምንት ነው ያገባው። አብዛኞቹን አታውቃቸውም። እሱን ብቻ የሚጥል ነጥብ ፍለጋ መቁረጫውን ስታወጣና ስታወርድ ዋለች። ጉልላት በወደቀ ቁጥር ሌላም ሰው አብሮ ወደቀ። በመጨረሻ አርባ ሦስት ላይ መለሰችው። አርባ ሦስትና ከዚያ በታች ያላቸው ተኙ፤ ጉልላት ተረፈ።

በማግስቱ መተላለፊያው ላይ ሊያመሰግናት ቆመ።

«ለእርስዎ ብዬ አይደለም» አለችውና አለፈች። አልማረችውም። ያቃጠላት ግን የእሱ መትረፍ ብቻ አልነበረም፤ እሱም እንደ እሷ ሌላ ሰው የማይጥል ነጥብ አንድ ቀን ሙሉ ፈልጎ፣ አጥቶም ትቶት ቢሆን ኖሮ ይርጋ ይተርፍ እንደነበር ማወቋ ነው።