ፊታቸው የዞረ ድንጋዮች

«ሁሉም ሽበታቸው ወደ ውጭ ነው?» አጎቷ ፈያድ ከላይኛው እርከን ጮኹ።

«አዎ!» አለች ሩላ።

ውሸቷን ነው። ክረምቱ የናደውን የወይራ ማሳ ካብ መልሰው መካብ ከጀመሩ ሦስተኛ ቀናቸው ነበር። በመንደሩ ድንጋይ ሲካብ፣ ዝናብና ፀሐይ ያስረጀው፣ «ሽበት» የሚሉት ግራጫ ሻጋታ መሰል ነገር የበቀለበት ፊቱ ወደ ውጭ ይደረጋል። ሩላ ግን ጠዋት ለመገላገል ቸኩላ የካቡን አንድ ጥግ እንደመጣላት ካበችው። ነጩ ፊት ወደ ውጭ፣ ሽበታሙ ወደ ውስጥ ሆነ። ከላይ ለቆመ ሰው የሚታየው የካቡ አናት ብቻ ስለሆነ አጎቷ አላወቁም።

በካቡ ድንጋዮች ላይ ትንንሽ ቀንድ አውጣዎች አሉ፤ የሚኖሩት እዚያ ሽበት ላይ ነው፤ የሚበሉትም እሱኑ ነው። ከሰሊጥ ፍሬ አይበልጡም። መጀመሪያ ያገኘቻቸው ጓደኛዋ ጁማና ነበረች፤ ያኔ ሁለቱም ስምንት ዓመታቸው ነበር። «እነዚህ የኛ ጎረቤቶች ናቸው፤ ለማንም እንዳትናገሪ» ብላ አስምላታለች።

ጁማና መስከረም ላይ ከቤተሰቧ ጋር ወደ ከተማ ሄደች። መጀመሪያ በየቀኑ ትጽፍ ነበር። አሁን የሩላ መልእክት ሳይነበብ ሁለት ሳምንት ሆነው። ክፍል ውስጥ አጠገቧ የሚቀመጥ የለም፤ ምሳዋንም ብቻዋን ትበላለች። ይህን ለማንም አልተናገረችም።

ጎንበስ ብላ አየች። አንዲት ቀንድ አውጣ በስንጥቁ ወጥታ ራቁቱን ነጭ ድንጋይ ላይ ትዞራለች። የምትበላው አላገኘችም።

«ነይ ዳቦ ብዪ!» አሉ አጎቷ። «ከዚያ ከኋላው አፈሩን እንሞላና እንገላገላለን።»

አፈር ከገባ በኋላ ካቡን አፍርሶ ማስተካከል አይቻልም።

«አጎቴ፣ አፈሩን አይሙሉት። ዋሽቼዎታለሁ። ጥጉን ገልብጬ ነው የካብኩት።»

«ስንቱን?» አሉ አጎቷ።

«ሁሉንም።»

«የቸኮለች አፍሳ ለቀመች! ለእኔ ወገብ አታስቢም? ብቻሽን ታፈርሺዋለሽ፤ ሰማሽ?»

«እሺ።»

ዳቦውን ሳትነካ ከአናቱ ጀመረች። የመጀመሪያውን ድንጋይ አቅፋ አወረደችና ሽበታሙን ፊት ገልብጣ አየችው። ሰባት ቀንድ አውጣዎች ነበሩ፤ አንዷ ቀንዷን አውጥታለች።

ፎቶ አንስታ ለጁማና ልትልክ እጇን ወደ ኪሷ ሰደደች። ከዚያ ያልተነበበው መልእክቷ ትዝ አላትና ተወችው። ድንጋዩን ጥላ ውስጥ በቀስታ አስቀመጠችና ሁለተኛውን ለማውረድ ተነሳች።