ባዶውን ጉድጓድ የጠበቀው

በሳርማይ መንግሥት፣ በንግሥት ዘዋሪት ዘመን፣ የቤተ መንግሥቱ ግቢ ሽኮኮዎች ሰባት ቀን ሙሉ መሬት አልረገጡም። ከዛፎቹ ግንድ ላይ ተለጥፈው፣ ጭራቸውን እያራገቡ ሲጮኹ ሰነበቱ። በስምንተኛው ቀን ሁሉም ጸጥ አሉ። ያን ጊዜ ባለ ድንጋይ ዓይኑ አሞራ ሐራዊ ከሰማይ ተወርውሮ፣ ዝናብ የሚጠራውን ዕንቁ ከዙፋኑ ራስ ነጥቆ ሄደ።

ዕንቁውን ልታስመልስ የማለችው የአትክልተኛው ልጅ ኤልማና ናት። ሽኮኮ ስታይ ያደገች ልጅ ነበረች። ስትምል ጥርሷ ይንገጫገጭ ነበር። ሚስቱን ተሰናብቶ ሊከተላት የወደደው ሽማግሌው ጦረኛ ድርባብ ብቻ ነው።

ከሐራዊ ዓይን የሚንቀሳቀስ ነገር አያመልጥም። ስለዚህ የአሞራው ጎጆ ባለበት ደን ውስጥ እንደ ሽኮኮ መሄድን አስተማረችው፦ ጥላው ሲያልፍ በግንዱ ማዶ ዞሮ መለጠፍ፣ ትንፋሽን ውጦ ደርቆ መቅረት፣ ገላጣ ሲገጥም እየተጠማዘዙ መሮጥ። በሦስተኛው ቀን አሞራው ለአደን ሲወጣ ዕንቁውን ከጎጆው አወጡ። ከደኑ ሳይወጡ ግን ጥላው መጥቶ በላያቸው ቆመ።

ኤልማና፣ ሽኮኮ ሌባ ሲያያት የምታደርገውን አሰበች፤ ፍሬዋን የቀበረች መስላ አፈር ትመልስና በአፏ እንደያዘች ትሄዳለች። ዕንቁውን ጉንጯ ውስጥ ሸሸገች። በእጇ ጉድጓድ ማሰች፣ ምንም ሳትቀብር አፈሩን መለሰች።

ድርባብ አይቶ ገባው። ሰይፉን መዘዘ።

«ልጄ፣ ጠባቂ የሌለው ጉድጓድ ሀብት አለው ብሎ የሚያምን የለም። እኔ እዚህ እቆማለሁ። በሳርማይ አፈር እምላለሁ፣ እግሬን አልነቅልም። አንቺ ሂጂ፤ ዞረሽም አትዪ።»

አፏ ዕንቁ ይዟልና አይሆንም ልትለው አልቻለችም። ራሷን ነቀነቀች፤ እሱ ግን ፊቱን ወደ ሰማይ አዙሮ ነበር።

ሮጠች። ከኋላዋ የክንፍ ነጎድጓድ ወረደ፤ ሰይፍ ጮኸ። ሽማግሌው ዕንቁውን አላስነካም እያለ ለባዶ አፈር ሲፋለም ሰማች። ከዚያ ድምፁ ተቋረጠ።

ዕንቁው ወደ ዙፋኑ ራስ ተመለሰ፤ ዝናቡም ዘነበ። ድርባብን ሊፈልጉ የተላኩት ወታደሮች ሐራዊን አንገቱ ተቆርጦ፣ ድርባብንም ከክንፉ ሥር ሞቶ አገኟቸው። እግሮቹ ከጉድጓዱ አፍ አልተነሡም ነበር።

ሕዝቡ በየአደባባዩ ሲዘፍን፣ ኤልማና በዝናብ ርሳ ከድርባብ ሚስት ደጅ ቆመች። ከአሞራው ጥላ ሥር እንኳ እንዲህ አልፈራችም። ከዚያ በሩን አንኳኳች።